ላዳዬን የጠማት ክረምት

ሰኔ 30፣ 1996

ይህን የጻፍኩት እኔ ሞላ ነኝ። በገዛ እጄ። እጄን የያዘኝ የለም።

የማታ ትምህርት ዛሬ ለክረምት ተዘጋ። መምህር ይሻው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር አደለንና፣ «ፊደሉ እንዳይጠፋባችሁ ቶሎ ቶሎ ጻፉ። መስከረም ላይ ገጹን እቆጥራለሁ እንጂ አላነብም። ለማንም አታሳዩ፤ ሰው ያየዋል ብላችሁ ከጻፋችሁ መዋሸት ትጀምራላችሁ» አለን። እኔ ለመዋሸት አንባቢ አያስፈልገኝም አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ክፍሉን የማስቀው እኔ ነኝ። በማንበብም አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለት ሴትዮዎች ይበልጡኛል፣ እነሱ ግን ከእኔ በፊት ስለጀመሩ አይቆጠሩም።

ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። በደብረ ታቦር ላዳ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በወታደር ቤት ነው፤ ፈታኙ በቃል ጠየቀኝ፣ በቃል መለስኩለት፣ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የተቀመጠ ተሳፋሪ ሳይስቅ የወረደ የለም።

ደብተሩን ቤት አላስቀምጠውም። ሚስቴ ፈንታነሽ በልጅነቷ አራተኛ ክፍል ደርሳ አቋርጣ ነበር፣ አሁን በማታው ስድስተኛ ናት። እኔ አንድ መስመር ሳነብ እሷ ገጹን በዓይኗ ጠርጋው ትሄዳለች። ስለዚህ ደብተሩን ከማንበቢያ መጽሐፌና ከቆሎዬ ጋር በፌስታል አድርጌ ላዳዋ ውስጥ ሰቀልኩት። ከመሪው አጠገብ፣ ጠዋት ሞተሩ በብርድ እምቢ ሲል የምትሳበዋ ጥቁር እጀታ ላይ። ትንሽ ሳብ ስትደረግ ጥሩ መስቀያ ይወጣታል። ተራ ስጠብቅ እጄን መዘርጋት ነው። ቀትር ላይ የቀጠርኩት ነጂ ምናለ መኪናዋን ሲረከበኝ ፌስታሌን አንጠልጥዬ እወርዳለሁ፣ እስኪነጋ ከአጠገቤ አላርቀውም፣ በማግስቱ ጠዋት መልሼ እሰቅላለሁ። እንዲህ ያለ ብልሃት የመጣለት ሰው በዚህ ከተማ የለም።

ሐምሌ 7

ቸኩያለሁ። ሦስት ሰው ለአንበሳሜ ቆሟል።

አሥር ሊትር ቤንዚን ድሮ መቶ ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ሰባ ስምንት ላይ አለቀ። ጭቃው ይሆናል።

ሐምሌ 11

ጭቃው አይደለም። ዛሬ ደረቅ መንገድ ነው የነዳሁት። ሰባ አራት።

ላዳዬ እንዲህ አይነት መኪና አልነበረችም። ቤንዚን ስታሸተው የምትጠግብ ነበረች። ጓደኞቼ ላይ ስንት ጊዜ ጉራ ነዝቻለሁ። ዛሬ አንዱ ሚኒባስ ነጂ፣ «ሞላ፣ ስምህ ብቻ ነው እኮ የሞላው» አለኝ። ሳቅሁለት። ሆዴ ግን አልሳቀም።

የሰውን ሥራ ማየት ያለብኝ ይመስለኛል። ምናለ ከቀትር እስከ ምሽት ይነዳል፣ እኔ ትምህርት ቤት እንድሄድ ብዬ ነው የቀጠርኩት። ሠላሳ ዓመቱ ነው። ትከሻው ሰፊ ነው። ብዙ አያወራም። ገና ሲረከብ ሥራው የእኔን ነገር ማስተካከል ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ፣ መስታወቱን ወደ ላይ፣ እጀታዋን ወደ ውስጥ። በእኔ ዘመን ሰው የሰውን መኪና እንዲህ አይነካካም ነበር።

ሐምሌ 14

ተራ መያዣው ጋ ሻይ የምትሸጠው እትዬ አሰለፈች ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ «ሞላ፣ ትናንት ፈንታነሽ የት ልትሄድ ነው ላዳህ ላይ የነበረችው?» አለችኝ።

«መቼ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከፊት።»

«እኔ ነኝ የላክኋት» አልኩ።

«አይ እንግዲህ፣ ከላክሃትስ ጥሩ» አለች። እንዲህ ስትል ግን ብርጭቆውን ሁለተኛ ጊዜ አለቀለቀችው። የታጠበ ብርጭቆ።

ነጠላውን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ለጥምቀት።

ማታ፣ «ትናንት የት ዋልሽ?» አልኳት። «ቤቴ፣ ሌላ የት ልውል» አለች። ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። አልተቆጣሁም። ቀልድ ነገርኳት። ፈገግ አለች እንጂ አልሳቀችም። ድሮ በዚህ ቀልድ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው።

ሐምሌ 18

ላዳዋን ጋሽ ደምሴ ጋራዥ ወሰድኳት። ጋሽ ደምሴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሞተር የሚፈቱ ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው ስለሚያያት አጸዳዳኋት፤ ፌስታሌን አውርጄ፣ የወጣውን ሁሉ ወደ ቦታው ገፍቼ፣ ወንበሩን ጠርጌ።

ካንዴላዎቹን ፈቱና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩአቸው። እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል።

«ይህች መኪና ከልኩ በላይ ቤንዚን እየጠጣች ነው» አሉ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፣ ጋሼ። ማን ነው የሚያጠጣት ነው ጥያቄው።»

አስነሷት፣ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «አሁን ደግሞ ደህና ናት» አሉና ግራ ገባቸው። ካርቡሬተሩን አጠቡ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፉ፣ ጎማውን ነፉ፣ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ጎማውን በእጃቸው አዙረው አዩ። ከዚያ ምን አሉኝ? «ጠዋት ስታስነሳ እጀታዋን ስበህ ትረሳት ይሆን እንዴ?»

እኔን! ሃያ ዓመት የነዳሁትን! «ጋሼ፣ እርስዎ ባይሆኑ ኖሮ እቀየም ነበር» አልኳቸው። «እሺ በቃ፣ ከሁለት አንዳችሁ ግን አነዳዱን አበላሽቷል» አሉ።

ከሁለት አንዳችሁ። አንደኛው እኔ ካልሆንኩ እንግዲህ።

ሐምሌ 21

ጠዋት። ከጋራዥ በወጣች በሦስተኛው ቀን ሰባ አምስት። ከኋላ ጥቁር ጭስ። አንዲት ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ገባች።

ሐምሌ 24

ማሰብ የሚችል ሰው ያስባል። እኔ አሰብኩ።

የጠዋቱንና የከሰዓቱን ለየብቻ እለካለሁ። ጠዋት ሙሉ አድርጌ እነሳለሁ፣ ቀትር ላይ መልሼ እሞላና የጎደለውን እጽፋለሁ። ምናለ ሲጨርስ ደግሞ እሞላና የእሱን እጽፋለሁ። አንድ ሳምንት። ዓምና ይህን ማድረግ አልችልም ነበር፣ ቁጥሩን ማን ይጽፍልኛል? አሁን እንኳን ምናለ፣ ነዳጅ ማዳያው ራሱ አያታልለኝም።

ለምናለ፣ «እስቲ ላዳዋን ልንመረምራት ነው» አልኩት። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ። ዓይኑን ሳይሰብር ነው ያለው። ሌባ ዓይኑን የሚሰብርበት ዘመን አለፈ ማለት ነው።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። ውጤቱም ወጣ።

የእኔ፦ መቶ ኪሎ ሜትር በአሥራ አራት ሊትር።
የምናለ፦ መቶ ኪሎ ሜትር በአሥር ሊትር ተኩል።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ደብተሩን ገልብጬ ሁሉ አየሁት።

መጀመሪያ ደነገጥሁ። ከዚያ ገባኝ። ምናለ እንደምለካው ስለነገርኩት ከራሱ ኪስ በጄሪካን ቤንዚን እየገዛ ይጨምርባታል። ሰው ከኪሱ አውጥቶ የሰው መኪና የሚያጠጣው ለምንድን ነው? ትልቅ ነገር የሚሸፍን ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ይህን መምህር ይሻው እንኳ አይደርስበትም።

ነሐሴ 4

ፈንታነሽ እግሯን ስትታጠብ እንደ ዋዛ፣ «ሞልዬ፣ ዳገት ላይ ቆመህ ስትነሳ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ እንዴት ነው የምታደርገው?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ መኪና ሲነሳብኝ መቆም አላውቅም። ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ እጅ ፍሬን፣ ሞተሩ ድምፁ ሲለወጥ እግር እንዴት ቀስ እንደሚል፣ ስንት ነገር አወራሁላት። ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ሰምታኝ አታውቅም።

ከተኛሁ በኋላ ነው የመጣልኝ። ዳገት ላይ ከማን ጋር ቆማ ነው? እጇም ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ነሐሴ 9

እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማ ጆሮ ባይፈጠርብኝ።

ዛሬ ቆሎ ልወስድ ሳይታሰብ ወደ ቤት ስመለስ ላዳዋ አጥሩ ሥር ቆማለች። ፈንታነሽ በመስኮቱ ታወራዋለች። እኔ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ቆምኩ። በራሴ አጥር ተደበቅሁ፣ ይጻፍ።

ምናለ፦ «እትዬ፣ መስከረም ላይ መሄዴ ነው፤ ባሕር ዳር ቁርጥ ያለ መልስ ልከውልኛል። ለጋሼ ግን እስከዚያ አይንገሩብኝ።»

ፈንታነሽ፦ «አልነግረውም። እኔም እስከዚያ እጨርሳለሁ። ሳልጨርስ ቢሰማ አይለቀኝም።»

ምናለ፦ «ነገ በዘጠኝ ሰዓት?»

ፈንታነሽ፦ «በዘጠኝ።»

ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ባሕር ዳር። መስከረም። አይለቀኝም።

ቆሎውን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ከተማው በሙሉ በጅራፍ ጩኸት ተናውጧል። በራችን ላይ ልጆች ዘፍነው ሙልሙል ተቀበሉ። ፈንታነሽ አብራቸው እያጨበጨበች ሳቀች። ሳቋ አለ ማለት ነው፣ ለእኔ ነው እንጂ ያለቀው።

ምናለም መጣ። «እንኳን አደረሰዎ፣ ጋሼ።» ሙልሙል ሰጠችው። ለልጆቹ አንድ አንድ ነው የሰጠችው፣ ለእሱ ሁለት። ቆጥሬያለሁ። አንዱ ለእናቱ ነው አለች። እናቱ ለሙልሙል ጥርስ ይኑራት አይኑራት እንጃ።

ወስኛለሁ። መስከረም 2 ምናለን ተራ መያዣው ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ቁልፉን አስረክበኝ እለዋለሁ። በዚያው ቀን በፈንታነሽ ላይ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። ጋሽ ደምሴ አንድ፣ የነፍስ አባታችን ሁለት፣ ሦስተኛውን አላገኘሁም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ነው። ልጅ አልሰጠንም፤ ፈንታነሽ በዚህ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ሰው ፊት ቀልጄበት አውቃለሁ። የዚያን ቀን ሁሉ ሲስቅ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

ጥፋቱ የሷ ነው። ይህን መጻፍ ስላለብኝ ነው የጻፍኩት።

ነሐሴ 20

በጋፋት መንገድ በእግሬ ቀደምኳቸው። ዝናብ። ከቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ። የከተማው ብቸኛ ላዳ ባለቤት፣ ከቁጥቋጦ ሥር።

ላዳዬ መጣች። መሄዷ ግን የጤና አልነበረም። ትነሳለች፣ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። ደግሞ ትነሳለች። እንደ ሰከረ ሰው። መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል፣ ማን የት እንደተቀመጠ አይታይም። አንድ ጊዜ ቆመችና ምናለ ወርዶ ጎማ አየ። የወረደው በቀኝ በር ነው። ነጂ በቀኝ በር ምን አገባው? ከእሷ ጎን ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ከዚያ መልሶ በቀኝ ገባ። ላዳዋም ያለ ነጂ ሄደች።

ቅናት ዓይን ያሳውራል ሲሉ እስቅ ነበር። እኔ ዓይኔ ደህና ነው። ሁሉን አይቻለሁ።

በርጥበቱ ጉንፋን ይዞኛል።

ነሐሴ 28

ጠዋት ሰባ አንድ። ካንዴላ ቀየርኩ። ለውጥ የለም።

ቀትር ላይ ምናለ ሲረከበኝ፣ «ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበልዎ። ጠዋት ጠዋት ይህች እጀታ...» ብሎ ጀመረ። «አንተ ልጅ፣ ስለ ላዳዬ ከአንተ አልማርም» አልኩት። እጀታዋን ወደ ውስጥ ገፋና ሄደ። የመስከረም 2 ቀን እንዴት ራቀ!

ጳጉሜን 3

ይህን የምጽፈው ወንዛዬ፣ ፍል ውሃው ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። በሌላ ወረቀት ነው፣ በኋላ እለጥፈዋለሁ። ደብተሩ እኔ ጋ የለም።

ዛሬ ሩፋኤል ነው፣ ሰው ሁሉ ሊጠመቅ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፍል ውሃ ውሰደኝ አሉ። እትዬ አሰለፈችም ተነሳች። ፈንታነሽ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ሽማግሌ ልሾማቸው ያሰብኩት ሰውዬና ነገሩን የነገረችኝ ሴት ከኋላ፣ ተከሳሿ ከፊት። በሆዴ፣ ችሎቱ ሞላ አልኩ። ፌስታሌን ማንሳት ረሳሁ።

ዳገቱ ላይ ላዳዋ ማጓራት ጀመረች። ጥቁር ጭስ። ጋሽ ደምሴ፣ «ይህች ልጅ ታማለች» አሉ። የነዳጁ መርፌ ቁልቁል ወርዷል፣ ጠዋት የሞላኋት! ስቆም ጠፋችብኝ። አስነሳሁ፣ ጠፋች። ወደ ኋላ ሸሸች፣ እትዬ አሰለፈች የመላእክትን ስም ጠራች።

ፈንታነሽ እጇን ዘረጋች። ፌስታሉን ከእጀታዋ ላይ አነሳች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ በአንድ ጣቷ እጀታዋን እስከ ጥግ ገፋቻት።

«ሞተሩ ሞቆ የለ እንዴ? ይህች ለምን ተስባለች?» አለች። «አሁን አስነሳ። ነዳጁን ሳትነካ።»

አስነሳሁ። ድምፅዋ እንደ ጥንቱ ሆነ። ጭሱ ጠፋ።

ከዚያ ከአፌ የወጣው፣ «አንቺን ይህን ማን አስተማረሽ?» የሚል ነው።

«ምናለ።»

«ምናለ!» አልኩ።

«አዎ ምናለ። መንዳት እያስተማረኝ ነው፣ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ። ባሕር ዳር ሥራ አግኝቷል፣ መስከረም ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ከሰዓቱን ማን ሊነዳ ነው? አንተ ትምህርቱን ትተህ ቀኑን ሙሉ ልትነዳ ነዋ! በስንት መከራ ፊደል የቆጠርክ ሰው። ስለዚህ እኔ እነዳለሁ ብዬ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሳልይዝ ብትሰማ ሙሉ ከተማውን ስታስቅብኝ ትከርማለህ ብዬ ደበቅሁህ።»

ከኋላ ጋሽ ደምሴ፣ «እስቲ ፌስታሉን አቀብዪኝ» አሉና በእጃቸው መዘኑት። «መጽሐፍ፣ ደብተር፣ ቆሎ... ኧረ በስመ አብ! ሞላ፣ እጀታዋን መስቀያ አደረግሃት እንዴ? ተስባ በቆየች ቁጥር ቤንዚን ታጎርፋለች እኮ! ጋራዥ ስትመጣ ግን አልነበረም።»

«ትልቅ ሰው ጋ ስሄድ አውርጄው ነበር» አልኩ።

እትዬ አሰለፈች ሳቋ መጣ፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ቀልዱ እኮ የሚያምር ቀልድ ነው። አልቻልኩም።

ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን ወደ ፊት መለሱ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፈንታነሽ። እስከ ወንዛዬ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ስንደርስ ከሴቶቹ ጋር ወደ ውሃው ወረደች። ፌስታሉንም ይዛ።

ይኸው ሰዓት አለፈ። እትዬ አሰለፈች ተጠምቃ ወጣች። «ፈንታነሽስ?» አልኳት። «ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታነባለች» አለችኝ።

ጳጉሜን 4

ስትወጣ ፀጉሯ ደረቅ ነበር። አልተጠመቀችም።

ፌስታሉን ሰጠችኝ፣ ከፊት ተቀመጠች። ሐሙሲት ደረስን። ጋሽ ደምሴ አንቀላፍተዋል፣ ወይ የተኙ መስለዋል። ከዚያ መንገዱን እያየች፣ «ሦስተኛውን ሽማግሌ አገኘኸው?» አለችኝ።

ማርሽ ቀየርኩ።

«ካገኘኸው ንገረኝ» አለች። «ይዤልህ የምመጣው እኔ ነኝ። ለሽማግሌዎችህ ነጂ ያስፈልጋቸው የለ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ቀልቷል። አፏ ጥግ ላይ ግን ትንሽ ነገር ነበረች። ሳቅ አይደለም። ሳቅ ሊመጣበት የሚችል ቦታ ነው።

«ያን ቀን ስለ ልጅ የቀለድኩትን...» አልኩ። አልጨረስኩም። «አንብቤዋለሁ» አለች። «እሱን ብቻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።»

ሐሙሲት ላይ ሞልቻት ነበር፤ ከተማ ስንገባ ደግሜ ሞላኋት። ከወንዛዬ መልስ፦ መቶ ኪሎ ሜትር በአሥር ሊትር ሂሳብ።

መስከረም 9፣ 1997

ምናለ ዛሬ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፣ ለምን እንደሆነ ስለማያውቅ። ባሕር ዳር ድረስ ራሴ አደረስኩት። መንገድ ላይ፣ «አንተ ልጅ፣ በጄሪካን ቤንዚን ትገዛ ነበር?» አልኩት። «የምን ቤንዚን፣ ጋሼ?» አለኝ። ስንለያይ ስለ እናቱ ሙልሙል ጠየቅሁት። ውሃ ውስጥ ነክራ ነው የበላችው አለኝ። ጥርስ የላትም።

መስከረም 18

የማታ ትምህርት ተከፈተ። መምህር ይሻው ገጾቹን ቆጠረ። ከክፍሉ በሙሉ የበለጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁለቱን ሴትዮዎች ጨምሮ። ይህን እዚህ ላይ በደማቁ መጻፍ እፈልጋለሁ።

«ይህን ሁሉ ስለ ምንድን ነው የጻፍከው?» አለኝ።

«ስለ ቤንዚን» አልኩት።

ክፍሉ ሳቀ። ሳቃቸው ደስ አለኝ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

መስከረም 25

የፈንታነሽ ፈተና ጥቅምት ላይ ነው። እስከዚያ በጋፋት መንገድ ከሰዓት ከሰዓት አብሬያት እወጣለሁ። እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጠዋት ቦታው ተለውጦ አገኘዋለሁ። አንነጋገርበትም።

ዛሬ ብርድ ነበር። እጀታዋን ስባ አስነሳች። ሞተሩ እየሞቀ ሲመጣ መልሺያት ልላት አፌን ከፈትኩ። ምላሴን ነከስኩ። አምስት ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ መንገዱን እያየች፣ በአንድ ጣቷ ገፋቻት። ዳገቱ ላይ ቆመች፣ ተነሳች። ወደ ኋላ ጣት ያህል አልሸሸችም። እኔ አንዳንዴ እሸሻለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለካሁት። መቶ ኪሎ ሜትር በዘጠኝ ተኩል።

ከእኔ የተሻለች ነጂ ናት። ፈንታ፣ ይህን ገጽ እንዳታነቢው።